የጥቁሩ ቦርሳ ቀን

ለንደን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ትያትር ቤት እሠራለሁ። መድረክ ላይ አልታይም። ተዋናይ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ የማሰናዳው እኔ ነኝ። ሻይ፣ ስኳር፣ ደብዳቤ፣ ዣንጥላ፣ ቦርሳ። የሙያው ሰዎች ፕሮፕስ ይሉታል። ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ሐሙስ የሠራሁትን ስህተትና ስህተቱን ለመሸፈን የተናገርኩትን ውሸት ነው።

ያኔ የምናሳየው የኦስካር ዋይልድን ኮሜዲ ነበር፤ «ኧርነስት የመሆን አስፈላጊነት»ን። እዚሁ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1895 በሴንት ጄምስ ትያትር ነው። ታሪኩ የፍቅር፣ የውሸትና የጋብቻ ነው። ጃክ ገጠር ውስጥ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲሲሊ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ሞግዚት ነው። ከተማ መውጣት ሲያምረው ግን «ኧርነስት የሚባል ወንድም አለኝ፣ ደግሞ ጣጣ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ውልቅ ይላል። ለንደን ሲደርስ ኧርነስት እሱ ራሱ ነው። ጓደኛው አልጀርኖንም አይተናነስም። በንበሪ የሚባል በሽተኛ ወዳጅ ፈጥሯል። የአክስቱ ግብዣ በመጣ ቁጥር በንበሪ ይታመማል።

ጃክ ግዌንዶለንን ይወዳል። እሷም ትወደዋለች፤ ግን ስሙ ኧርነስት ስለሆነ ነው። ሌላ ስም ያለው ሰው አላገባም ትላለች። የእንግሊዝኛው ስም ሲጠራ «ከልቡ የሆነ፣ የማይዋሽ» እንደማለት ይሰማል። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ የእኛ ስም ሁሉ ትርጉም አለው። ጃክን «እውነቱ» በሉት። ልጅቷ «እውነቱ የሚባል ካልሆነ አላገባም» ትላለች። እሱ ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ «እውነቱ እኔ ነኝ» ይላታል። አንድ ቀን ወደ አማርኛ የመመለስ ዕድል ባገኝ ስሙን የማወጣለት እንደዚህ ነው።

ከትያትሩ በጣም የምወደው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ሁሉ በአፋቸው ይዋሻሉ፤ እውነቱን የሚያወጣው ዕቃ ነው። የጃክ የሲጋራ መያዣ አልጀርኖን እጅ ትገባለች። ውስጧ ላይ ሲሲሊ «ለውድ አጎቴ ጃክ» ብላ አስጽፋለች። ያቺ ጽሑፍ ኧርነስት የሚባል ሰው አለመኖሩን ታጋልጣለች። በሁለተኛው ገቢር ደግሞ የሲሲሊ የዕለት ማስታወሻ አለ። አልጀርኖን ኧርነስት ነኝ ብሎ መጥቶ አግቢኝ ሲላት «ከታጨን እኮ ሦስት ወር ሆነን» ትለዋለች። አይቷት አያውቅም። እሷ ግን ፌብሩዋሪ 14 ቀን እሺ እንዳለችው ጽፋለች። ቀለበቱን ራሷ ገዝታለች። የእሱን ደብዳቤዎችም ራሷ ጽፋለታለች፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ። ያችን ደብተር የሠራኋት እኔ ነኝ። ተመልካች ባያያትም ቀኑን ከነፌብሩዋሪ 14 ጽፌባታለሁ።

ዋይልድ ይህን ሲጽፍ የራሱም ኑሮ ሁለት ገጽ ነበረው። ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ትያትሩ ገና መድረክ ላይ እያለ ከወንዶች ጋር ባለው ግንኙነት ተከሶ ታሰረ። ስሙን ከማስታወቂያው ላይ አነሱት። በዚያው ዓመት ሜይ 25 ቀን ሁለት ዓመት እስር ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አዳራሹ ገና በመጀመሪያው ገቢር ሲስቅ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሆዴ ይባባል።

ወደ ቦርሳው ልምጣ። ጃክ ወላጆቹን አያውቅም። ሕፃን ሳለ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ እጀታ ባለው ትልቅ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነው የተገኘው። የግዌንዶለን እናት ሌዲ ብራክኔል ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አውጥታ ስትጠይቀው ይህ ይወጣል። ዕድሜው፣ ገቢው፣ የቤቱ ቁጥር ሳይቀር ትጠይቃለች። ሽማግሌ ልኮ «የማን ልጅ ነው?» የተባለ ሰው ያን ጭንቀት ያውቀዋል። ቦርሳ መባሉን ስትሰማ ጋብቻው እዚያው ላይ ይቆማል። በሦስተኛው ገቢር ደግሞ የሲሲሊ አስተማሪ ሚስ ፕሪዝም ትያዛለች። ከ28 ዓመት በፊት የጻፈችውን ልብ ወለድ የሕፃን ጋሪው ውስጥ፣ ሕፃኑን ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ የጠፋችው እሷ ናት። ጃክ ሮጦ ቦርሳውን ያመጣል። እሷ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየነካች ትለያለች፦ ኦምኒባስ (የዚያን ዘመን በፈረስ የሚጎተት አውቶቡስ) ሲገለበጥ የተጎዳበትን፣ መጠጥ ፈንድቶ ገበሩን ያበላሸበትን፣ ቁልፉ ላይ ያስቀረጸችውን የስሟን መጀመሪያ ፊደላት።

እነዚህን ምልክቶች ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ጉዳቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ገበሩን ወፍራም ሻይ ሦስት ጊዜ አፍስሼበት አደረቅኩት። ፊደሎቹን በምስማር ጫርኳቸው። ሚስ ፕሪዝምን የሚጫወቱት አዛውንት ተዋናይት ልምምድ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብለው «እድፉን ትንሽ ወደ ግራ አድርጊልኝ፣ እጄ ሳይፈልግ እንዲያገኘው» ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛ ቦርሳም ነበረን፤ የልምምድ። እሱም ጥቁር ነው፤ ምልክት ግን የለውም። ቁልፍም የለውም፣ በማግኔት ነው የሚዘጋው። ዋናው እያረጀ ስለሄደ ልምምድ ባለ ቁጥር ላይ ፎቅ ቁም ሳጥን ውስጥ እንቆልፍበታለን።

ያን ሐሙስ ጠዋት ልምምድ ነበር። የታመመ ተዋናይ የሚተካው ልጅ ቦታውን ያጠና ነበር። ትርኢቱ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ነው። እኔ ሳንድዊች ላይ ነበርኩ። አልጀርኖን ለአክስቱ የተዘጋጀውን የኪያር ሳንድዊች ራሱ ይጨርሰዋል፤ በየቀኑ ትኩስ መሆን አለበት። ኪያሩን እንደ ወረቀት አሳስታችሁ ትቆርጡታላችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ ውሃውን ታወጣላችሁ፣ በጨርቅ ታደርቁታላችሁ። አለበለዚያ ዳቦው ይርስና ተዋናዩ አፍ ውስጥ ይጣበቃል፤ ንግግሩ ይበላሻል። ያን ቀን ኪያሩ ዘግይቶ መጣ። ሰዓቱ ሮጠ። የቁጥጥር ወረቀቱን ይዤ ወደ ዕቃው ጠረጴዛ ስሄድ በነጭ ቴፕ በተከለለው ቦታ ጥቁር ቦርሳ ተቀምጧል። «ቦርሳ፦ እድፍ፣ ቁልፍ፣ ፊደል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። አልከፈትኩትም። ፈረምኩ።

ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ጃክ ቦርሳውን ፍለጋ ከመድረክ ሲወጣ ከላይ ሣጥን የሚወረወር ድምፅ መሰማት አለበት። ያን ድምፅ የማሰማው እኔ ነኝ። ሁለት የእንጨት ሣጥን አለኝ። አንዱን እጎትታለሁ፣ አንዱን እጥላለሁ። ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠው ይጠብቃሉ። ድምፁ ሲቆም ጃክ ጨለማው ውስጥ እጁን ይዘረጋል፣ ቦርሳውን አቀብለዋለሁ።

ሳነሳው ቀለለኝ። አውራ ጣቴ ቁልፉን ፈለገ። የለም።

ዋናው ቦርሳ ሁለት ፎቅ ላይ ነው። የቀረኝ አሥራ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቦርሳውን ማምጣት አልችልም ነበር። «ይሄ የልምምዱ ነው» ማለት ግን እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጃክ ሲገባ በሆነ መንገድ ለአዛውንቷ ምልክት ይሰጣቸው ነበር። ዝም አልኩ። ቦርሳውን ሰጠሁት።

ከመጋረጃው ክፍተት አየኋቸው። ረጋ ብለው ተቀመጡ። ጉዳቱን ለማሳየት አገላበጡት፤ ለስላሳ ነው። ቃላቸውን ተናገሩ። ከፈቱት፣ ገበሩ ንጹሕ ነው። ስለ እድፉ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኗል። ከዚያ ጣታቸው ወደ ቁልፉ ሄደ። አፉን ዳሰሱት። እንደገና ዳሰሱት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። በመጨረሻ ቦርሳውን ዘግተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙትና ያለጥርጥር የእኔ ነው አሉ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። ጃክ የሌዲ ብራክኔል እህት ልጅ ሆኖ ተገኘ። በክርስትና ስሙም ኧርነስት ሆኖ ተገኘ፤ ሲዋሽ የኖረው እውነት ሆነ።

መጋረጃው ሲወርድ ስቴጅ ማናጀሯ መጣች። «ቦርሳው ምን ሆነ?» አለችኝ። «ጠዋት ልጁ ሳይመልሰው ቀርቶ ነው» አልኳት። ልጁ ማለት የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ከገባ ሁለት ወሩ። ቦርሳውን መመለስ የእሱ ሥራ አልነበረም። ማመሳከር የእኔ ነው፣ ፊርማውም የእኔ ነው። እሷ ግን አመነችኝ። በየቀኑ ለሁሉም የሚላከው የትርኢት ሪፖርት ላይ የእሱ ስም ገባ።

ትያትሩ ውስጥ የአልጀርኖን አሽከር ሌይን የሚዋሻት ነገር አለች። ሳንድዊቹ ሲያልቅ «ጌታዬ፣ ዛሬ ገበያው ላይ ኪያር የለም፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። በእሱ ውሸት ማንም ስሙ አይጠፋም። የእኔ ውሸት ግን ጠዋት ቡና ያፈላልኝ ልጅ ላይ ነው ያረፈው።

ያን ቀን አክስቴን ጋብዣቸው ነበር። ለንደን ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው፤ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባቸውም። አውቶቡስ ስንጠብቅ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያ ልጅ ያገባት የእናቱን እህት ልጅ ነው እንዴ?» ብለው ነው። አዎ፣ የአክስቱ ልጅ ናት አልኳቸው። «በስመ አብ!» አሉ። «እኛ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ እነዚህ አንድ ቤት መቁጠር አቃታቸው?» ስንት ጊዜ ያየሁት ትያትር ነው። እኔ እንኳ አንድም ቀን እንዲህ አላሰብኩትም።

ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ያቺ ቦርሳ የያዘችው ሴትዮ ምን ጠፋባት?» አሉኝ።

«ምንም አልጠፋባት፣ እቴቴ።»

«ተይ እንጂ። እጇን እያየሁ ነበር። ፈለገች፣ ፈለገች፣ አጣችው። አሳዘነችኝ።»

ቃሉ ስለማይገባቸው እጅ እጁን ሲያዩ ነው የቆዩት። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያላየውን እሳቸው አይተዋል። መልስ አልሰጠኋቸውም። አውቶቡሱ መጣ፣ ወጣን። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ደጋግሜ የታየኝ የሲሲሊ ደብተር ነው። ያልሆነ ነገር፣ በቆንጆ ጽሑፍ፣ ከነቀኑ። የእኔም ወረቀት ላይ ያለው ያው ነው። የእሷ ደብተር ግን ሰው አላስወቀሰም።

አርብ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ለስቴጅ ማናጀሯ እንዳለ ነገርኳት፤ ሳልከፍተው መፈረሜን፣ ስሰጠው ማወቄን፣ በልጁ ማሳበቤን። ብዙ አልተናገረችም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ማስተካከያ ጻፈች፣ ለሁሉም ላከችው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ሰጠችኝ፤ ተቀበልኩ። ልጁን ይቅርታ ስጠይቀው «ትናንት ማታ ለእናቴ ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው ብያት ነበር» አለኝ። ከስህተቱም ከማስጠንቀቂያውም ይልቅ ይህቺ ናት የምትከብደኝ፤ እስካሁንም።

በመጨረሻ ወደ አዛውንቷ ክፍል ሄድኩ። ፊታቸውን እየተቀቡ ነበር። ጨርሼ ስነግራቸው ብሩሹን አስቀመጡ። «ምልክቱን ሳጣው ድንገት ራሴን የረሳሁ መሰለኝ» አሉ። «በዚህ ዕድሜ ቃል እየጠፋብኝ ነው ብዬ ሌሊቱን ስፈራ አደርኩ። ሐኪም ጋ ልደውል ነበር።»

በእንግሊዝ ትያትር ቤት መጋረጃ ሊከፈት 35 ደቂቃ ሲቀር ለተዋናዮች ጥሪ ይደረጋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጥሪው አዛውንቷ ወደ ዕቃው ጠረጴዛ ይመጣሉ። ቦርሳውን እከፍትላቸዋለሁ። እጃቸውን ያስገባሉ።

«ጉዳቱ?» እላለሁ።

«አለ።»

«እድፉ?»

«አለ።»

ጣታቸው ቁልፉ ላይ ይቆያል፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። «አለ» ይላሉ። ያኔ እርሳሴን አነሳለሁ።