«ራይት ፉት» ላይ ነው የሚሰናከሉት
ጎንደር ውስጥ ለጀማሪ አስጎብኚዎች እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ፦ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስለ መልካም ጅምር የሚነገሩትን ፈሊጣዊ አነጋገሮች በዝርዝር አታሸምድዱ፤ ለሥራው አራት ይበቃሉ።

ሦስቱ ብዙም አያስቸግሩም። «ጌት ኦፍ ቱ ኤ ፍላዪንግ ስታርት» ከመነሻው መፋጠን ነው፤ በቅሎውም ስካውቱም (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ደባርቅ ላይ ተዘጋጅቶ ከጠበቀ የሰሜን ተራሮች ጉዞ እንዲህ ይባልለታል። «ቱ ኤ» እንዳይዘለል። «ሄድ ስታርት» ከሌሎች ቀድሞ የመነሳት ብልጫ ነው፤ ከ«ጌት»፣ ከ«ሃቭ» ወይም ከ«ጊቭ» ጋር ይሄዳል። «ሂት ዘ ግራውንድ ራኒንግ» ሳያዘግም ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው፤ በኃላፊ ጊዜም «ሂት» ነው፣ «ሂትድ» የሚባል ነገር የለም። ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን አታስጽፏቸው፣ ቀጣሪ የሰለቸው ሐረግ ነው።

መከራው «ጌት ኦፍ ኦን ዘ ራይት ፉት» ነው። እጄ የገባው አንድ የሥልጠና ጽሑፍ «በቀኝ መዋል» ብሎ ፈትቶታል፤ እስካሁን ያናድደኛል። ተማሪው ይህን ካነበበ በኋላ ተቃራኒውን ሲጠየቅ «ሌፍት ፉት» ይላል፤ ምን ያድርግ! «ራይት» እዚህ «ትክክለኛ» እንጂ «ቀኝ» አይደለምና ተቃራኒው «ሮንግ ፉት» ነው። «በግራ ጎኑ ተነሳ» የምንለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የጠዋት ጠባይ ነው፣ እንግሊዝኛውም በአልጋ እንጂ በእግር አይናገረውም። የ«ፉት» ፈሊጥ ግን በብዛት የሚነገረው ሁለት ሰዎች ገና ሲተዋወቁ ነገራቸው ስለመስመሩ ወይም ስለመበላሸቱ ነው።

ስለዚህ መጽሐፉ ቢያስቀድመውም «ራይት»ን አቆዩት፤ በ«ሮንግ» ጀምሩ። አስጎብኚ አፉ ላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳው የመግቢያው ትኬት በአስጎብኚው ክፍያ ውስጥ የተካተተ መስሎት ሲቆጣ፣ «ዊ ጎት ኦፍ ኦን ዘ ሮንግ ፉት። ሌትስ ስታርት አጌን» (አጀማመራችን ተበላሸ፤ እንደገና እንጀምር) ማለት ሙግቱን ያበርዳል። ወዲያው ግን ሒሳቡን ለየብቻ መናገር አለበት፤ ያለዚያ ፈሊጡ ማሾፍ ይመስላል።

«ኦን»ን በ«ዊዝ» የሚተኩ ብዙ ናቸው። «ኦፍ ኦን» ተከታትሎ ለምላስ ስለማይመች ነው መሰለኝ፣ የሚውጡትም አሉ። «ጌት ኦፍ» ብቻውን ከቀረ ከባጃጅ መውረድ ነው። አራቱን ቃላት፣ «ጎት ኦፍ ኦን ዘ» ብላችሁ፣ ያለ «ፉት» ደጋግማችሁ አስብሏቸው፤ «ሮንግ ፉት» መጨረሻ ላይ ይጨመር።