ከቁጥሩ በፊት ስብራቱን ማየት

ሦስቱም ናሙናዎች ከአንድ ብረት የተቆረጡ ናቸው። ሦስቱንም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አቀዝቅዤ መታኋቸው። ሁለቱ ቋ ብለው ተሰበሩ። ሦስተኛው ግን የእነሱን ብዙ እጥፍ ጉልበት በላ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነበር።

ሙከራው ቻርፒ ይባላል፤ ሐሳቡ ቀላል ነው። ከፍ ብሎ የተያዘ ከባድ መዶሻ ይለቀቃል፣ ናሙናውን ሰብሮ ወደ ማዶ ይወጣል። ከተነሳበት ከፍታ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደቀረ ሲታይ፣ ብረቱ ሲሰበር የበላው ጉልበት ጁል በሚባል መለኪያ ይታወቃል። ናሙናው 55 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ 10 በ10 ነው። መሃሉ ላይ 2 ሚሊሜትር የሚጠልቅ የቪ ቅርጽ ቁርጥ አለው፤ ኖች ይባላል። የኖቹ ጫፍ ራዲየስ 0.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በደነዘ መቁረጫ የሠራኋቸው የመጀመሪያ ናሙናዎች ከእውነታው በላይ ጠንካራ መስለው ስለታዩኝ ጥዬ እንደገና ሠራሁ።

ማሽኑን ያለ ናሙና አወዛወዝኩት። ዜሮ አነበበ፣ ደህና ነበር። ከዚያ ነው የተሰበሩትን ቁርጥራጮች ከመብራት ሥር አስቀምጬ በደንብ ያየሁት።

ለማነጻጸር ሳይቀዘቅዝ በክፍል ሙቀት የተሰበረው ሌላ ናሙና ፊቱ ደብዛዛ ግራጫ ነው። ጭረት ጭረት ይላል፣ ጠርዙ ተስቦ ወጥቷል፣ ከኖቹ በተቃራኒ ያለው ጎኑም አብጧል። ከመሰበሩ በፊት ታግሏል ማለት ነው። የቀዘቀዙት ሁለቱ ግን ጠፍጣፋ ናቸው፤ እንደ ጨው እህል ያብለጨልጫሉ። ያ አስቸጋሪው ሦስተኛ ደግሞ መሃሉ ያብለጨልጫል፣ ዙሪያው ግራጫ ነው። ከዜሮ በታች 40 ላይ አልነበረም፣ ሞቆ ነበር!

ጥፋቱ የጉጠቱ ነው። ናሙናው በአልኮልና በድራይ አይስ (በጠጣር ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ውስጥ ሲቀዘቅዝ፣ ጉጠቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር። በሞቀ ጉጠት ልክ ኖቹ አጠገብ ያዝኩት፣ መሃል ለማድረግም ተንገላታሁ። ከፈሳሹ ወጥቶ እስኪመታ ከ5 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። አሁን ጉጠቱም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ ናሙናውም ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆያል። አቀማመጡን በተሰበረ ቁራጭ ደጋግሜ እለማመዳለሁ።

አሉሚኒየሙን በዚያው ቅዝቃዜ ስመታው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ምክንያቱ የአተሞቹ አደራደር ነው። በአሉሚኒየም ውስጥ አተሞቹ በብርድም ቢሆን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። በተራ ብረት ውስጥ ግን ሲበርድ መንሸራተቱ ይከብዳል፣ ስንጥቁ ይቀድማል። ጥር 1943 እ.ኤ.አ. ስከኔክታዲ የተባለችው አዲስ የነዳጅ መርከብ ወደብ ላይ እንደቆመች፣ ማዕበል ሳይነካት፣ ለሁለት ልትከፈል ምንም ያልቀራት ለዚህ ነው። ብየዳዋ ጉድለት ነበረው፤ ብረቷ ደግሞ በዚያ ብርድ ስንጥቁን ማስቆም አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ጁሉን ስመዘግብ የስብራቱን ፎቶ ከጎኑ አያይዛለሁ።