የቀኙ ፓራፋንጎ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያቱን አላውቀውም። ዝናቡ ይሁን፣ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ መዋሉ ይሁን፣ ወይ እናቴ ጠዋት በስልክ «አሁንም እዚያው ጋራዥ ነህ?» ያለችኝ ይሁን። ክፉ አስባ አይደለም። የቢሮ ሥራ ትቼ ባትላሜራ ልማር ስላት የደነገጠችው ድንጋጤ ገና አልለቀቃትም። ማታ የተቀመጥኩት ስለ እሱ ልጽፍ ነበር።

ግን ሐሳቤ እዚያው ቮልሷ ጋ ቀርቷል።

ቮልሷ ጋራዣችን የገባች ቮልስዋገን ቢትል ናት፤ ባለቤቷ ከአባቷ የወረሰቻት። የፊት ግራ ፓራፋንጎዋ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ፣ ከታች በዝገት አልቋል፣ ከላይ ደግሞ ተጨፍልቋል። «እንደነበረች አድርጉልኝ» ብላ ትታልን ሄደች። የቮልስ ፓራፋንጎ በቡሎን ስለሚታሰር ማውለቁ ችግር የለውም። ችግሩ የሚተካው ነገር ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የተመረተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞረን ያገኘነው ከእኛው የባሰ የዛገ ነበር። ሙያውን የሚያስተምሩኝ ጋሼ አገላብጠው አዩትና «እንሠራዋለን» አሉ፤ በቃ።

ጋሼ መጀመሪያ ያስያዙኝ መዶሻ አይደለም፣ ወረቀት ነው። ወረቀቱን በደህናው ፓራፋንጎ ላይ ታለብሰዋለህ። ወረቀት አይለጠጥም፤ ስለዚህ እውነቱን ይነግርሃል። የተሸበሸበበት ቦታ ላይ ላሜራው መሰብሰብ አለበት፣ አልደርስ ብሎ የተቀደደበት ቦታ ላይ ደግሞ መሳብ አለበት። ያንን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ታደርግና ከዚያ በኋላ ነው ብረት የምትቆርጠው።

መሳቡ ይቀላል። ላሜራውን የአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጠህ በእንጨት መዶሻ ስትመታው እየሳሳ ይሰፋል፣ ሆድ ያወጣል። ጭንቁ መሰብሰቡ ነው። ጠርዙን እንደ ቀሚስ ሽንሽን ታጣጥፈዋለህ፣ ከዚያ እያንዳንዷን እጥፋት ከጫፏ ጀምረህ በራሷ ውስጥ እንድትገባ ትመታታለህ። ተዘርግታ ካመለጠችህ ምንም አልሠራህም። ከገባች ግን ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ይወፍራል። የ0.8 ሚሊ ላሜራ በእጅህ ሥር ሲወፍር ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ለእናቴ ማስረዳት ብችል ምናለበት። ደግሞ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ አልታዘዝም ይላል። ያን ጊዜ በኦክስጅን ቀይ እስኪሆን ታሞቀውና በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ትተወዋለህ፤ ይለሰልሳል፤ እንደገና ትቀጥላለህ።

ጋሼ በዓይናቸው አይፈርዱም። ስስ ጨርቅ ጣል ያደርጉና መዳፋቸውን በረጅሙ ያሳልፉበታል። ጨርቁ እጅን ሳይዘው ስለሚያንሸራትተው ጉብታውም ጉድጓዱም ቶሎ ይሰማል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ምንም አይሰማኝም ነበር። አሁን ይሰማኛል። ሁሉም ባይሆን፣ ይሰማኛል።

እና ዛሬ የቀኙን ፓራፋንጎ ለመለኪያ ብለን አወለቅነው። ገልብጬ የደረቀውን ጭቃና የቆየውን ጥቁር ቅብ ስፍቅ ከሥሩ የመዶሻ ምት ወጣ። አንድ ሁለት ቦታ መስሎኝ ነበር፤ ሳጸዳው ዳር እስከ ዳር ነው። ምቱ እኩል፣ የተጠጋጋ፣ ተራውን የጠበቀ ነው። የጎማው ዙሪያ ያለው ጠርዝ ሽቦ ገብቶበት ተጠቅልሏል። መሐል ላይ ቀጭን የብየዳ መስመር አለ። ይኼ በፋብሪካ ፕሬስ ተጭኖ የወጣ ዕቃ አይደለም። ማግኔት አስጠጋንበት፤ ስቱኮ፣ የጎደጎደ ቦታ የሚሞላበት ጭቃ መሰል ነገር፣ በዝቶበት ማግኔቱ የሚላላበት አንድም ቦታ አላገኘንም። ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም አሉና «ይኼ የሰው ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሳ አላወሩም።

ፋብሪካው የሠራው ነው ብዬ ልቀዳው የነበረው ነገር፣ ለካ ራሱ ሌላ ሰው ተጨንቆ የቀዳው ነው።

ማን ይሆን? የት ጋራዥ? ብየዳ ሲበርድ ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ወደ ራሱ ይስበዋል። መስመሩን በመዶሻ እየመታ መልሶ ያላፍታታው ሰው ፓራፋንጎው ይጣመምበታል። ይኼ ሰው አልተጣመመበትም። ማንም ገልብጦ የማያየውን ጎን እንኳን አልተወውም። ዛሬ ዛሬ ደንበኛው በነጋታው መኪናውን ይፈልጋል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይነፋል፣ ይሄዳል። እኔ በዚህ አልፈርድም፣ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ግን እንዲህ ያለ እጅ የነበረው ሰው ስሙ የትም አለመጻፉ ያንገበግበኛል። ያስተማረው ሰው ይኖር ይሆን? እሱስ ማንን አስተማረ?

ከሰዓት በኋላ ካርቶን ይዤ ሠፈራችን ውስጥ ወዳለው ሌላ ቮልስ ሄድኩ። ለካሁት። የእኛው ቀኝ ከመብራቱ በላይ ያለው ትከሻ ትንሽ ይሞላል። የተጨፈለቀው ግራ ግን፣ ከተረፈው ክፍል እንደሚታየው፣ ከሠፈሩ ቮልስ ጋር ገጥሟል። ስለዚህ ይህቺ መኪና ስንት ዘመን ሁለት የተለያየ ትከሻ ይዛ ኖራለች ማለት ነው። ባለቤቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ይኼ ነው።

የቱን ልቅዳ ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «መዶሻው በማን እጅ ነው ያለው?» አሉኝና ቡናቸውን ይዘው ወጡ።

ግራውን ከቀኙ ገልብጬ ብቀዳው ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ ያ የማላውቀው ሰው ሥራም በሁለቱም በኩል ይኖራል። ግን መኪናዋ እንዲህ ሆና አታውቅም። በሠፈሩ ቮልስ ልክ ብሠራው ደግሞ እንደነበረች ትመለሳለች፣ ከነመበላለጧ። የመጀመሪያው ለእሱ ክብር ይመስለኛል፣ ሁለተኛው ለእሷ። እጄ ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ ያንን ትከሻ መሥራት እፈልጋለሁ፣ እንዴት እንደመጣ በእጄ ማወቅ እፈልጋለሁ። የመኪናው ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም።

ደውዬ ልጠይቃት አስቤ ስልኩን አንስቼ ነበር። ጠርቻት፣ ጋራዥ መጥታ፣ ሁለቱን ትከሻ ጎን ለጎን ካሳየኋት በኋላ፣ የአባቷን መኪና እንደ ድሮው አድርጋ ልታያት ትችላለች?