ተማሪ ከመቀበላችሁ በፊት ሥራውን አዘጋጁ

የልምምድ ወቅት ሲደርስ የትብብር ደብዳቤ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከድርጅት ድርጅት ሲዞሩ ታያላችሁ። አንዱ ጋ ጥበቃው ከበር ይመልሳቸዋል። ሌላው ጋ "ኃላፊው የለም፣ ሰኞ ኑ" ይባላሉ። አጎት ወይም የአባት ጓደኛ ያለው ቶሎ ቦታ ያገኛል፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከተማው ውስጥ ሰው የሌለው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በታክሲ ሰልፍና በደጅ ጥናት ይፈጃቸዋል። ከዚያ ይመረቅና ሥራ ፍለጋ ሲመጣ "የዘንድሮ ተመራቂ ተግባር አይችልም" እንላለን። የት ይልመደው?

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአሠሪዎች ነው። በተለይ "እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፣ ለልምምድ የሚሆን ነገር የለንም" ለምትሉት። እኔ ያለሁት ህንፃ ግንባታ ላይ ነው፤ ምሳሌዬም በብዛት ከሳይት ነው።

ለተማሪ የሚያስፈልገው ትርፍ ወንበርና ጠረጴዛ አይደለም። በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ ነው። ብዙ ድርጅቶች ልጁን ተቀብለው "እስኪ ዞር ዞር በልና እይ" ይሉታል። ሦስት ቀን ያያል። ከዚያ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ፋይል ማስተካከል ይጀምራል፣ ቀጥሎ ስልኩ ላይ ያፈጣል፣ በመጨረሻም ሪፖርቱን ከታላላቆቹ ሪፖርት ገልብጦ ይሄዳል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሚይዘው ነገር ስላልተሰጠው ነው።

የምህንድስና ተማሪዎች ብዙ ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ ለወራት ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአንድ ወለል ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከታተል ይቻላል። ድሮዊንጉን (የህንፃውን ንድፍ) ስጡትና ባር ስኬጁሉን፣ ማለትም የብረቱን ዓይነት፣ ርዝመትና ብዛት የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ፣ ራሱ ይሥራ፤ ከዚያ የቢሮ መሐንዲሱ ከሠራው ጋር ያስተያየው፣ የተለያየበትን ቦታ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ፈልጉ። ብረቱ ሲታሰር እየቆጠረ ከድሮዊንጉ ጋር ያመሳክር። ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ስላምፕ ቴስቱን (ትኩሱ ኮንክሪት ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም እንደሆነ የሚለካውን ሙከራ) እሱ ይሥራ፣ ኪዩቡን (ለጥንካሬ ምርመራ ኮንክሪት የሚሞላበትን ሳጥን) ይሙላ፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍበት። ኪዩቦቹ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብተው ሲሰበሩ አብሮ ይሂድ። ክፍል ውስጥ ሲ-25 (የኮንክሪት የጥንካሬ ደረጃ) እያለ ሲያሰላበት የከረመው ኮንክሪት፣ በእጁ የሞላው ኪዩብ 25 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ ላይ መድረስ አለመድረሱን ማሽኑ ላይ ቆሞ ሲያይ ሌላ ነገር ይሆንለታል። ውጤቱ ዝቅ ካለም ጥሩ ነው፤ ለምን ዝቅ አለ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ውሃውን፣ አሸዋውን፣ ውሃ ማጠጣቱን ይጠይቃል። በመጨረሻ ያንኑ ወለል ለክቶ ቴክ ኦፍ (የሥራውን መጠን ስሌት) ይሥራ፣ ያ መጠን የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ እንዴት እንደሚገባም ይይ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግዙፍ ተቋራጭ መሆን አያስፈልግም። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚሠራ ድርጅት ይበቃል።

በሌላውም ሙያ እንደዚያው ነው። ሂሳብ የሚያጠና ተማሪ የአንድ ወር ሰነድ ተሰጥቶት ከደረሰኝ መለየት ጀምሮ የባንክ ሂሳብ እስከ ማስታረቅ ሊሄድ ይችላል፤ እርግጥ የመጨረሻውን የሚያጸድቀው ዋናው አካውንታንት ነው። ሶፍትዌር ላይ ያላችሁ፣ ሰው በእውነት የሚጠቀምበት አንዲት ትንሽ ገጽ ስጡትና ተጠቃሚው እጅ እስክትገባ አብራችሁት ሂዱ።

ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ "ሁላችሁም እርዷቸው" ብሎ ከወጣ ማንም አይረዳቸውም። አንድ ሰው በስም ይመደብ። ለዚያ ሰው ደግሞ ከሥራው ትንሽ ይቀነስለት፤ እንዲህ ካልሆነ ተማሪው ጥያቄ ይዞ በመጣ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፣ ልጁም መጠየቅ ያቆማል። ይህ ሰው የግድ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። ሃያ ዓመት ሳይት ላይ የኖረ ፎርማን ከብዙ መሐንዲስ የተሻለ አስተማሪ ነው፣ ተማሪውም እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ቢማር ለሙያው ትልቅ ስንቅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ከሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ሎግ ቡኩን (ተማሪው የሠራውን የሚመዘግብበትን ደብተር) አብረው ይዩ። ሎግ ቡክ በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ሌሊት የሚሞላው የሚያየው ሰው ስለሌለ ነው።

ገንዘብ። "ሙያ እያስተማርነው ደግሞ እንክፈለው?" የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ አልስማማበትም። ደመወዝ አይደለም የምለው። ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ። ይህ ከሌለ ልምምዱ ቤተሰቡ ከተማ ውስጥ ላለ ልጅ ብቻ ይሆናል፣ ጎበዙና ድሃው ደግሞ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ተለማማጅ ውል ሲደነግግ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ ውሉ ውስጥ እንዲገለጹ ይላል። በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ እንዲህ ያለ ውል ይፈርማል ማለት አይደለም። ግን እነዚህን ነጥቦች በአንድ ገጽ ጽፎ ከተማሪው ጋር መፈራረም ምን ይከብዳል? አደጋ ቢደርስ ማን ያሳክመዋል የሚለውንም ከዩኒቨርሲቲው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሄልሜትና የደህንነት ጫማ ሳይሰጡ ሳይት ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ በቀጥታ ልናገር። "ሳይት ለሴት ይከብዳል" ተብለው ቢሮ ውስጥ ሲቀመጡ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ የከበደው ሥራው አይደለም። ንጹህ መፀዳጃ ቤት የለም፣ የሚለክፍ ሠራተኛ አለ፣ ለማን እንደሚነገርም አይታወቅም። እነዚህ የአሠሪው ሥራዎች ናቸው። ከመምጣቷ በፊት ይስተካከሉ፣ ችግር ቢገጥማት የምትነግረው ሰው ማን እንደሆነም የመጀመሪያው ቀን ይነገራት።

አገራችን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር፤ ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ወጡ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎችን ወደ ሕዝቡ አውጥቶ በሚያሠራው በማህበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል። የሕክምና ተማሪ በሽተኛ ሳያይ ቢመረቅ ማንም አይቀበለውም። ሲሚንቶ ሲቦካ ሳያይ የሚመረቅ መሐንዲስ ግን ለምዶብናል።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ ላልመጣ ልጅ ማህተም አትምቱ። የጓደኛ ልጅ ነው፣ የዘመድ ልጅ ነው ተብሎ የሚፈረመው የግምገማ ቅጽ ልጁን ይጎዳዋል፣ በየቀኑ እየመጣ የለፋውንም ዋጋ ያሳጣዋል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ቢሮ አለ። ተማሪዎቹ በራችሁን እስኪያንኳኩ አትጠብቁ፤ ልምምዱ ከመጀመሩ አንድና ሁለት ወር ቀድማችሁ ጻፉ። ከየትኛው ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ እንደምትቀበሉ፣ ሥራው የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ የትራንስፖርት ክፍያው ስንት እንደሆነና የሚከታተላቸው ሰው ማን እንደሆነ ግለጹ። አምስት ተቀብሎ ከማንከራተት ሁለት ተቀብሎ ማሠራት ይሻላል። ምርጫውን ለትምህርት ክፍሉ ተዉት ወይም ራሳችሁ አጭር ቃለ መጠይቅ አድርጉ፤ በስልክ የሚመጣውን "አንድ ልጅ ነበረኝ" ግን በደብዳቤው መንገድ ይምጣ በሉት።