የጉሎ ሐር፦ ከአርባ ምንጭ ቆላ እስከ ዶርዜ ሸማኔ

በአገራችን ስለ ሐር ልማት ሲወራ ብዙዎች የሚያስቡት በእንጆሪ ዛፍ (መልበሪ) ቅጠል የሚያድገውን፣ ከቻይና የተገኘውን ትል ነው። ለገጠሩ ቤተሰብ ግን ይበልጥ የሚስማማው መነሻው የሕንዷ አሳም የሆነው፣ የጉሎ ቅጠል የሚመገበው «ኤሪ» የተባለው ዝርያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእንጆሪው ትል ራሱን የሚሸፍንበት ኩኩን እስከ 1,000 ሜትር ሊደርስ ከሚችል አንድ ወጥ ክር የተሠራ ስለሆነ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ትሉ በውስጡ እንዳለ በሙቀት መገደል፣ ኩኩኑም በሙቅ ውሃ ለስልሶ በመሣሪያ መፈታት ይኖርበታል። የኤሪ ኩኩን ግን አንድ ጫፉ ክፍት ነው፤ ትሉ ወደ እሳት እራትነት ተለውጦ ከወጣ በኋላ ባዶው ቅርፊት በሳሙናና በሶዳ ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ፣ እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። ይህን ሙያ እናቶቻችን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ጉሎውም ቢሆን ምጣድ የሚሟሽበት፣ በየአጥሩ ጥግ ሳይዘሩት የሚበቅለው ያው ጉሎ ነው፤ በወላይታና በጋሞ ካሳቫ በሚለማባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ትሉ የካሳቫ ቅጠልም ይመገባል።

ሥራው ቀላል ነው የሚሉትን ግን አልቀበልም። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ሲያድግ ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን የሚጨርሰው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ ያኔ መደርደሪያው አጠገብ የቆመ ሰው የማኘኩን ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰማዋል። ቅጠል የሚለቅመው፣ እርጥብ ከሆነ የሚያደርቀው፣ ኩሱን የሚጠርገው፣ ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያውን እግር በውሃ የሚያቆመው ሁሉ ያን ሰሞን እረፍት የለውም። ቆላው የወባ አገር በመሆኑ ቤት በፀረ ተባይ ሲረጭ ትሎቹን ማዳን ሌላ ጭንቀት ነው፤ ጥጥ እርሻ ዳር የበቀለ ጉሎም የተረጨ መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል አይታመንም።

ከአዳማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎቹን ሲያጠናና ሲያሰራጭ ቆይቷል። ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ተቋምም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ወጣቶችን በሐርና በማር ሲያደራጅ፣ አርባ ምንጭ ዙሪያ ከሥራው ቦታዎች አንዱ ነበር። የትል እንቁላልና ሥልጠና ማከፋፈሉ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ገዢ ያጣ ኩኩን ቤት ውስጥ ሲከማች አይጥና ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ያን ያየ ቤተሰብ ጉሎውን ቆርጦ ለማገዶ ቢያደርገው አልፈርድበትም።

እኔን የሚገርመኝ መፍትሔው እዚያው አካባቢ መኖሩ ነው። ከአርባ ምንጭ ቆላ ቀና ሲሉ የሚታየው የዶርዜ ደጋ የሸማኔ አገር ነው፤ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ድረስ የሚወርዱትም ይህንኑ ሙያ ይዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅት የኤሪ ሐር በእጅ ተፈትሎ፣ በእጅ ተሸምኖ ውጭ አገር ድረስ እንደሚሸጥ አሳይቷል። ድሩ የፋብሪካ ጥጥ፣ ማጉ የኤሪ ሐር የሆነ ነጠላ በዚያው በጋሞ ቢሸመን፣ አርቢዋም ፈታይዋም ሸማኔውም ድርሻቸውን ከአንድ ገበያ ያገኛሉ። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኩኩኑን በጥራት ደረጃ መዝኖ በዕለቱ ገንዘብ የሚከፍል፣ መቀቀያ በርሜልና ንጹሕ ውሃ ያለው አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እንቁላሉ ከዚያ በኋላ ይከፋፈል።