ከባሕር ዳር ተነስቼ ኪውሬቲንግ እንዴት ተማርኩ

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የተመረቁ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። ሥዕል ሳይማሩ፣ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ ለዘመናችን ሥነ ጥበብ ኪውሬቲንግ (ሥራዎችን መርጦ ኤግዚቢሽን የማሰናዳት ሙያ) ማስተርስ ማመልከት ይቻላል ወይ? ይቻላል። የእኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ እየወሰድኩ ዘጌንና ደሴቶቹን ማስጎብኘት ነበር።

ትምህርቱ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በአውሮፓ የመጀመሪያው የኪውሬተሮች ማሠልጠኛ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ የተከፈተው በ1987 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለንደን ያለው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ደግሞ በ1992 ጀመረ። ስለዚህ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው ብዙ ነው። በ2002 ጀርመን ውስጥ የሚካሄደውን ትልቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ዶክመንታ 11ን የመራው ናይጄሪያዊው ኦክዊ ኤንዌዞር የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዞማ ሙዚየምን ከኤልያስ ስሜ ጋር የመሠረተችው መስከረም አሰግድ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ናት። ኢትዮጵያ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በጣሊያኑ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ፓቪሊየን (የአገር ማሳያ ቦታ) ስትከፍት የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያሰናዳው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነው። «የአርት ስኩል ተማሪ አይደለሁም» ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ እኔ የሄድኩት የእንግሊዝ መንግሥት በሚሰጠው በቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ነው። ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአስጎብኚነት ሥራዬ ተቆጠረልኝ። 3 ኮርሶች ትመርጣላችሁ። ስትጨርሱ ቢያንስ 2 ዓመት አገራችሁ ላይ መቆየት ግዴታ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውን አይኤልትስን ዩኒቨርሲቲዎቹ ስለሚፈልጉት አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

ዋናው ሥራ ያለው ማመልከቻው ላይ ነው። ያመለከትኩባቸው ኮርሶች በቅርቡ ስላያችሁት ኤግዚቢሽን ሂሳዊ ጽሑፍ ጻፉ ይላሉ። አዲስ አበባ ብሆን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሄጄ እጽፍ ነበር። እኔ ግን የማውቀውን ይዤ ተነሳሁ። ዘጌ ላይ ስላለው ገዳም ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ጻፍኩ።

ዑራን ያየ ሰው ያስታውሳል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። አንድ ቦታ ቆማችሁ ሁሉንም ማየት አትችሉም፣ መዞር አለባችሁ። ካህኑ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ይተርካሉ። ብርሃኑ የሚገባው በበሮቹ ነው፤ የትኛው በር እንደተከፈተ አይቶ የሚጎላው ሥዕልም ይለያያል። በመጋረጃ የተሸፈነ ሥዕል ካለ ካህኑ ገልጠው ያሳያሉ፤ መልሰው ይሸፍናሉ። ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ታቦት ግን ማንም ጎብኚ አያየውም። ጽሑፌ የሥዕሎቹን ታሪክ አልተረከም። ሰው ምን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያይ፣ ማን እንደሚያሳየው፣ ምን እንደሚቀርበት ብቻ ነው የጻፍኩት። በቃለ መጠይቁ ላይ አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ጽሑፍ ነው።

ማን ምን ያያል የሚለው ጥያቄ ከጣና ደሴቷ ከክብራንም ጋር ይያያዛል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ወንዶቹ እንግዶቼ ሲወጡ እኔ ከሴቶቹ ጋር ታች እቀራለሁ። ሲመለሱ ያዩትን እንዲነግሩኝ እጠይቃቸው ነበር። ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ስለ አንድ ሥዕል አልነበረም። ስለ ጨለማው፣ ስለ ካህኑ ድምፅ፣ ስለ ዛፎቹ ነበር። ኤግዚቢሽን ማለት ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ለንደን ስደርስ ሴሚናሮቹ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ማሳየት ያወራል። የተደበቀውን ማውጣት፣ ለሁሉም ክፍት ማድረግ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን አልበቃኝም። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉት። አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ለሕዝብ አይታዩም። የሙዚየሙ ኪውሬተሮች እንኳ አያዩአቸውም፤ ማየት የሚፈቀደው ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በዚህ ላይ ነው። አለማሳየት ራሱ የኪውሬተር ውሳኔ ሊሆን ይችላል ብዬ ተከራከርኩ። ግን የሚሸፍነው ማን ነው? እኔ እስከማምን ድረስ ታቦትን መሸፈን የሚገባው ባለቤቱ ነው። ሙዚየሙ ስለደበቃቸው ብቻ አከበራቸው አልልም። ወደ አገራቸው መመለስ አለባቸው።

ከቲዎሪው ይልቅ በየቀኑ የምጠቀምበት ሌላው ትምህርት ነው። የውሰት ውል አጻጻፍ። ሥራው ሲመጣና ሲመለስ ያለበትን ሁኔታ በፎቶና በጽሑፍ መመዝገብ። ለወረቀትና ለጨርቅ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) እንዳይበልጥ፣ ለዘይት ቀለም ወደ 200 እንደሚፈቀድ። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለዓይን እንደሚመች። እነዚህን አትናቁ። ጣና ዳር በክረምት እርጥበቱ ወረቀት ያጣምማል፣ ሻጋታም ያመጣል። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራ ከውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቄ አልሰቅልም። ከኋላው አየር እንዲያልፍ ክፍተት እተዋለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ ሐይቁ ዳር አዳራሽ ተከራይተን ከከተማዋ ሠዓሊዎች ጋር ታንኳ ስለሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ ስለ ደንገል፣ አንድ ኤግዚቢሽን አዘጋጀን። መጀመሪያ ስቱዲዮዎቻቸውን ዞርኩ፣ ጽሑፉን የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። በተለይ ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን ቅደም ተከተል አጥብቃችሁ ያዙ። ጽሑፉ ከቀደመ ሥራው የጽሑፉ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

ከሥዕሎቹ ጋር አንድ ታንኳ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ ፈልጌ ነበር። የደንገል ታንኳ በመሥራት ከሚታወቁት ከነገደ ወይጦ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። «አባባ፣ አንድ ታንኳ ይሠሩልኝ፣ አዳራሽ ውስጥ ሰው እንዲያየው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ታንኳ አዳራሽ ውስጥ ምን ይሠራል? ማየት የፈለገ ሰው ውኃው ላይ ሲሄድ ይየው» አሉኝ።

ከፕሮፌሰሮቹ ጋር ስንከራከርበት የነበረው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃለለ። ወለሉ ላይ የታንኳውን ልክ በኖራ አሰመርን፣ ውስጡን ባዶ ተውነው። አጠገቡ በአማርኛ አጭር ጽሑፍ አደረግን፤ ታንኳው ጠዋት ጠዋት ውኃው ላይ እንደሆነ ይናገራል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሳ የመክፈቻ ሰዓታችንን ወደ ማለዳ አመጣነው። ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ዳሩ ይሄዳል። እሳቸው ካሉ ያወራቸዋል፣ ከሌሉ ይጠብቃል ወይም ይመለሳል። የተናደደ ሰውም ነበር። «ባዶ ወለል ልታሳዩን ነው የጠራችሁን?» ያለኝ ጎልማሳ ግን ከዳር ሲመለስ ስለ ደንገሉ ብዙ ነገር ጠየቀኝ።

ክፍያ ላይ ለታንኳው አባትም ለሠዓሊዎቹም እኩል መደብኩ። አባባን ሳነጋግራቸው «ደንገሉን ያጨዱት ልጆችስ?» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ለአጫጆቹ የሚሆን ከሌላ ወጪ ቀነስን፣ ስማቸውም መግቢያው ላይ ከሠዓሊዎቹ ስም ጋር በአንድ መጠን ፊደል ተጻፈ። አሁን ለሚቀጥለው ዝግጅት በጀት ስሠራ የአጫጆች ክፍያ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ነው።