ስለ መኪና ማቆሚያ የተጻፉ ንባቦችን በደሴ ማካፈል

ስለ ከተማ አሠራር የሚያወሱ ጽሑፎችን የማነበው በሙያዬ ምክንያት ነው፤ የቤት ንድፍ እሠራለሁ። ለሌሎች ማካፈል የጀመርኩት ግን ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበቀች፣ መንገድ ማስፋት የማይሆንላት ከተማ በመሆኗ፣ መንገድ ዳር ማን ይቁም የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ሰው ስለሚነካ ነው።

ጽሑፉን እንዳለ አልተረጉምም። አንድ ሐሳብ ለይቼ በአንድ ገጽ አሳጥሬ እጽፍና ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለጎረቤት ነጋዴዎች፣ ለባጃጅ ነጂዎችና በማዘጋጃ ቤት ለሚሠሩ ወዳጆቼ እሰጣለሁ፤ ክርክሩ አቦል ላይ ይነሣና በረካ ድረስ ይዘልቃል። ስለ አረንጓዴ ከተማ በጥቅሉ የሚያትቱት ወረቀቶች በትሕትና ይነበቡና የስኳር መጠቅለያ ይሆናሉ።

ሰውን ያነቃነቀው የፓሳዴና ታሪክ ነው። በዚህች የካሊፎርኒያ ከተማ፣ በተጎሳቆለው አሮጌ የገበያ ሰፈር አስተዳደሩ የማቆሚያ ክፍያ ቆጣሪ ሊተክል ሲነሣ ነጋዴዎቹ ደንበኛ ይሸሽብናል ብለው ተቃወሙ። የተስማሙት ገቢው ለዚያው ሰፈር እግረኛ መንገድ፣ መብራትና ጽዳት እንደሚውል ቃል ሲገባላቸው ነው፤ ቆጣሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ1993 በሰዓት አንድ ዶላር ማስከፈል ጀመሩ። ይህን ታሪክ ያስተዋወቀው፣ በሎስ አንጀለስ የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር የነበረው ዶናልድ ሹፕ እንዳስረዳው፣ ቀድሞ ቦታውን ይዘው የሚውሉት የሱቆቹ ባለቤቶችና ሠራተኞች ራሳቸው ነበሩ።

ፒያሳ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ አዛውንት እዚህ ላይ ሲደርሱ ከደጃቸው የቆመችውን የራሳቸውን መኪና ተመለከቱ። «እንዲህ ከሆነማ ደንበኛዬን የማባርረው እኔው ነኝ» አሉኝ። «አንቱ ብቻ አይደሉም ጋሼ» ብያቸው ከሱቃቸው እስከ ፋርማሲው ድረስ የቆሙት መኪኖች የማን እንደሆኑ አብረን ስንጠይቅ፣ አብዛኞቹ የዚያው መስመር ነጋዴዎች ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በማወጣው ወረቀት ሁሉ አንባቢው ከደጁ ወጥቶ ሊያጣራው የሚችል ነገር እንዲኖርበት እጠነቀቃለሁ። ሹፕ ዋጋው ከሰባት ወይም ከስምንት ቦታ አንዱን ክፍት እንዲያስቀር ተደርጎ ይወሰን የሚለውም በዚህ መንገድ ሲቀርብ ወዲያው ገባቸው።

ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአዳዲስ ሕንፃዎች የምታስገድደውን ዝቅተኛ የማቆሚያ ብዛት ሰርዛ በምትኩ ሊታለፍ የማይችል ከፍተኛ ብዛት መወሰኗን ያቀረብኩበት ወረቀት፣ እኔ እንደጠበቅሁት፣ ቤት አሠሪዎችን ደስ አሰኘ። ዳገት ላይ ምድር ቤት ቆፍሮ ለመኪና ቦታ ማውጣት ዐለት መፈንቀልና ድጋፍ ግንብ መገንባት ይጠይቃል፤ ወጪውም ዞሮ ዞሮ መኪና በሌለው ተከራይ ላይ ይወድቃል። የማዘጋጃ ቤቱ ወዳጄ ግን «ታዲያ አስፋልቱ ላይ ሊደረደሩ ነዋ!» ሲል ሞገተኝ። ሙግቱ ተገቢ ነው። ሹፕም ግዴታው ይነሣ ሲል ለመንገድ ዳሩ ዋጋ እንዲወጣለትና ገቢው ለሰፈሩ እንዲመለስ አብሮ የመከረው ለዚሁ ነው፤ አንዱን ነጥሎ ማስነበብ ሐሳቡን ያዛባዋል።

ያልተቋጨው ክርክር የገቢው ጉዳይ ነው። በእኛ ከተሞች የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡት ተደራጅተው እንጀራቸውን ከዚያ የሚያገኙ ወጣቶች በመሆናቸው፣ የፓሳዴናን አሠራር እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ከእነርሱ አንዱ ወረቀቱን አንብቦ፣ ዋጋው ከፍ ብሎ ጭማሪው ብቻ ለእግረኛ መንገዱ ይዋል፣ ለእርሱም የተለየ ደረሰኝ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ነጋዴዎቹ ገንዘቡን ማን ይያዘው በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማሙም።